በውኃ ራሱን ለመጉዳት ለሚሻ ሰው የተጻፈ ምክር

ስለ ውኃ መጠጣት ቀና ቀናውን የሚመክር ሰው በዘመናችን ከመብዛቱ የተነሣ ሰሚው የቱን ይዞ የቱን እንደሚጥል እስኪቸገር ደርሷልና፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ገልብጬ፣ በውኃ ራሱን ሊጎዳ ወይም በውኃ እከሳለሁ ብሎ በከንቱ ሊደክም የወደደ ሰው ምን ምን ማድረግ እንደሚገባው እጽፋለሁ። ይህንም የማደርገው በማንም ለመሣቅ አይደለም። የስሕተትን መንገድ ከነመታጠፊያው አጥርቶ ያየ ሰው የገዛ እግሩ በዚያ ላይ መቆሙን ቶሎ ያስተውላል ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ጉዳይም የሚባክነው ድካምና ገንዘብ ብቻ ሳይሆን አልፎ አልፎ ሕይወት ጭምር ስለሆነ ነገሩ እጅግ ያሳስበኛል።

እንግዲህ መሳሳት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ጥማቱን ይናቅ። አባቶች የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደተገኘ አስተምረውናል፤ የዘመኑ ሐኪሞችም በበኩላቸው መዝነውና ሰፍረው የአዋቂ ሰው አካል ከመቶ 60 እጅ ያህሉ ውኃ መሆኑን አስረድተውናል። ይህን ያህል ውኃ ያለ ጠባቂ አልተተወም። የደም ጨውነት ከልኩ በመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ከፍ ሲል በአንጎል ግርጌ ያሉ ሕዋሳት ያንን ዐውቀው ሁለት ትእዛዝ ባንድ ጊዜ ያስተላልፋሉ፤ አንደኛው ጥማትን መቀስቀስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኵላሊት ውኃን እንዳያባክን የሚያስጠነቅቅ ሆርሞን ወደ ደም መልቀቅ ነው። ኵላሊትም በአንድ መዓልትና ሌሊት 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጣርቶ ሲያበቃ፣ ከዚያ ሁሉ ሽንት አድርጎ የሚያስወጣው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው፤ የቀረውን መልሶ ለባለቤቱ ያስረክባል። ስሕተትን የሚሻው ሰው ግን ይህ ረቂቅ ሥርዓት እንዳልተፈጠረ ቈጥሮ፣ ከሰው አፍ የሰማውን አንድ ቁጥር በቦታው ይተካ።

ቁጥሩም ስምንት ብርጭቆ ይሁን፤ ከየት እንደመጣም አይጠይቅ። መርማሪዎች የነገሩን ሥር ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ የሚደርሱት የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት የምግብ ጉዳይ ቦርድ በ1945 እ.ኤ.አ. ካወጣው ጽሑፍ ላይ ነው። ያ ጽሑፍ ለአዋቂ ሰው በቀን 2.5 ሊትር ያህል ውኃ ተገቢ መሆኑን ከተናገረ በኋላ፣ የዚህ መጠን አብዛኛው ክፍል በሚበላው ምግብ ውስጥ እንደሚገኝ ወዲያው አያይዞ ገልጦ ነበር፤ ዳሩ ግን የመጀመሪያው ቃል ባሕር ተሻግሮ ዓለምን ሲዞር ሁለተኛው ከመጽሐፉ ገጽ ሳይወጣ ቀረ። በ1967 እ.ኤ.አ. ኢርዊን ስቲልማን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ፈጥኖ ስለ መክሳት ባሳተሙትና ብዙ ሕዝብ በገዛው መጽሐፋቸው ስምንት ብርጭቆ ውኃን በየቀኑ እንዲጠጣ ሲያዝዙ፣ ቁጥሩ ከውፍረት ጋር አብሮ የሚነገር ሆነ። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሃይንዝ ቫልቲን የተባሉ፣ ዕድሜያቸውን ኵላሊትን በመመርመር ያሳለፉ የዳርትማውዝ ሊቅ የተጻፈውን ሁሉ አገላብጠው፣ በለዘበ የአየር ጠባይ ለሚኖር፣ ብዙም ለማይደክም ጤነኛ ሰው ስምንት ብርጭቆ ግዴታ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ እንዳላገኙ መሰከሩ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2010 እ.ኤ.አ. ለሴት 2 ሊትር፣ ለወንድ 2.5 ሊትር በቂ ነው ሲል፣ ከምግብም ከማንኛውም መጠጥም የሚገኘውን ውኃ አንድ ላይ ደምሮ ነው።

ስለዚህ በተሳሳተው መንገድ የሚሄድ ሰው ምግቡን ከሒሳቡ ማስወጣት ይኖርበታል። እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ውኃ መሆኑን፣ ሽሮውና የምስር ወጡ ከዚያም የበለጠ ውኃ መያዛቸውን፣ ጐመኑና ቲማቲሙ ደግሞ ከመቶ 90 እጅ ገደማ ውኃ መሆናቸውን ይርሳ። ከአቦል እስከ በረካ የጠጣውንም ቡና ከውኃው ላይ ይቀንስ፤ ቡናን ለለመደ ሰው በመጠን የተጠጣ ቡና ከሚያስወጣው ውኃ የሚያስገባው እንደሚበልጥ አይስማ። ሽንቱንም አይመልከት፤ የገለባ መልክ ያለው ሽንት ውኃው መብቃቱን፣ የጠቆረውም ማነሱን የሚያመለክት ቀላልና ዋጋ የማያስከፍል ምልክት ነውና።

የሚቀጥለው ስሕተት እጅግ የተወደደ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ሊከሳ የሚሻ ሰው ማለዳ በባዶ ሆዱ ለብ ያለ ውኃ ሎሚ ጨምሮ ይጠጣና፣ ትኩስ ውኃ በድስት ቂጥ የረጋውን ጮማ አሟሙቶ እንደሚያጥብ ሁሉ የቦርጩን ስብ አሟሙቶ ከሽንት ጋር ያወርደዋል ብሎ ይመን። ጠዋት ውኃ መጠጣት ክፋት የለውም፤ ሎሚውም ለጣዕም መልካም ነው፤ ነገር ግን የተጠጣው ውኃ በሆድ ዕቃ አልፎ ወደ ደም ይገባል እንጂ ከቆዳ ሥር የተከማቸውን ስብ አግኝቶ አያጥበውም። ስብ የሚጠፋው አካል ለኃይል ሲል ሲያቃጥለው ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች አስልተው እንዳሳዩት፣ 10 ኪሎ ስብ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው የተቃጠለ አየር ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ ውኃ የሚሆነው 1.6 ኪሎ ብቻ ነው። ሰው የሚከሳው በአብዛኛው በአፍንጫውና በአፉ በኩል ነው ማለት ነው። በረዶ የመሰለ ውኃ ጠጥቶ አካሉ ሲያሞቀው እከሳለሁ የሚለውም ሒሳቡን አያድርግ፤ ግማሽ ሊትር የቀዘቀዘ ውኃን እስከ አካል ሙቀት ለማድረስ የሚጠፋው ኃይል 20 ካሎሪ እንኳ አይሞላም፤ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚሰጠውን ያህል ነው።

እውነተኛውን የውኃ ጥቅም መሸሽ ደግሞ እንዲህ ነው። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም በ84 ወፍራም ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ግማሽ ሊትር ውኃ እንዲጠጡ የተነገራቸው ሰዎች በ12 ሳምንት ውስጥ ከሌሎቹ 1.3 ኪሎ ያህል አብልጠው ቀንሰዋል። ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ያለ ወጪና ያለ መድኃኒት የተገኘ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም ግን ውኃ የሌላውን መጠጥ ቦታ ሲይዝ የሚገኘው ነው፤ ስለዚህ ስሕተት ፈላጊው ውኃውን ይጨምር እንጂ ለስላሳውን አይተው። በ300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ምሳውን ከለስላሳ ጋር መብላት የለመደ ሰው በሳምንት ከ200 ግራም በላይ ስኳር ሳያኝክ ይውጣል። ጁስ ቤት ገብቶም አቮካዶና ማንጎ የተነባበረበትን ስፕሪስ ስኳር አስጨምሮ ካዘዘ በኋላ፣ ፍራፍሬ ነውና አያወፍርም ብሎ ኅሊናውን ያሳርፍ። ይህን ሰው ከልቤ አዝንለታለሁ፤ ለጤናው ያስባል፣ ይደክማልም፤ ነገር ግን ውኃውን በለስላሳው ፈንታ በመጠጣት ቢጀምር ኖሮ ያ ሁሉ ድካሙ ፍሬ ባፈራ ነበር።

ውኃን በማብዛት መክሳት ያልሆነለት ሰው ወደ ተቃራኒው ይዙርና ውኃን በመከልከል ይክሳ። ላስቲክ ለብሶ ይሩጥ፤ በእንፋሎት ቤት እስኪዝል ይቀመጥ፤ ሲወጣም ሚዛን ላይ ቆሞ ይደሰት። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና ላብ ሆኖ የወጣው ሁሉ በሚዛን ላይ ይታያል፤ በመጀመሪያ በጠጣበት ሰዓትም ተመልሶ ይመጣል። ምግቡን በድንገት የቀነሰ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያየው ትልቅ ለውጥም በብዙው ከዚህ ወገን ነው፤ በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው፣ ግላይኮጅን የተባለው የስኳር ስንቅ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ስለሚኖር፣ እርሱ ሲያልቅ ውኃውም አብሮ ይሄዳል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ ሲዘገይ ብዙ ሰው ተስፋ ቈርጦ የሚተወው ይህን የሚነግረው ስላጣ ነው፤ እውነተኛው የስብ መቀነስ የሚታየው ግን በዚያ በዘገየው ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ስሕተት እደርሳለሁ። ራሱን በእርግጥ ሊጎዳ የፈለገ ሰው የቀኑን ውኃ በአንድ ሰዓት ይጠጣ፤ ወይም በሩጫ ላይ ሳይጠማው፣ በየጣቢያው፣ ሆዱ እስኪነፋ ይጠጣ። ጤነኛ ኵላሊት በአንድ ሰዓት ሊያስወጣ የሚችለው ቢበዛ አንድ ሊትር ያህል ነው፤ በረዥም ድካም ጊዜ ደግሞ ውኃን የሚያስቀረው ሆርሞን ስለሚበዛ ከዚያም ያንሳል። ከልክ ያለፈው ውኃ ደምን ያቀጥናል፤ በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል መሆን የሚገባው፣ ሶዲየም የተባለው የደም ጨው ልክ ያሽቆለቁላል፤ ውኃውም ጨው ወደሚበዛበት ወደ ሕዋሳቱ ይፈልሳል። ሌላው ብልት ቢያብጥ ቦታ አለው፤ አንጎል ግን በራስ ቅል ተከብቧልና የሚሰፋበት የለውም፤ ስለዚህ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የአእምሮ መደናገር፣ መንፈራገጥ፣ በመጨረሻም ራስን መሳትና ሞት ይከተላል። በደቡብ አፍሪካ ቲም ኖክስ የተባሉ ሐኪም በረዥሙ የኮምሬድስ ሩጫ ላይ የታመሙትን መርምረው ይህን ነገር ለዓለም ያሳወቁት በ1985 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች መካከል ከመቶ 13ቱ ሶዲየማቸው ከልክ በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሩጫውን ሲጨርሱ ከጀመሩበት ክብደት ጨምረው ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በሳክራሜንቶ ከተማ አንድ የራዲዮ ጣቢያ ሽንቱን ሳይሸና ብዙ ውኃ ለሚጠጣ ሰው ሽልማት አዘጋጅቶ፣ የተወዳደረች አንዲት የልጆች እናት በዚያው ቀን ሞተች። በአገራችን በየኅዳሩ በታላቁ ሩጫ በአዲስ አበባ አደባባዮች ለሚራመደው ሕዝብ፣ መንገዱ 10 ኪሎ ሜትር፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነውና፣ በጠማው ጊዜ ጥቂት መጎንጨት ይበቃዋል።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ደግሞ ጥማትን ሁልጊዜ እመኑ ተባለ ብሎ በሌላ በኩል ይሳሳት። ዕድሜያቸው የገፋ እናትና አባቱ ውኃ አምጡልኝ እስኪሉት ይጠብቅ፤ በእርጅና የጥማት ስሜት እንደሚደክም አያስብ። ሕፃን ልጁ ተቅማጥ ይዞት ሳለ ሆዱ ይረፍ ብሎ ውኃና የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይከልክለው፤ በዚህ ስሕተት የሚያልቁ ሕፃናትን ነገር ያለ ሐዘን መጻፍ አልችልም። የኵላሊት ጠጠር ያለበትን ሰው፣ ሽንቱ በቀን 2.5 ሊትር እስኪሞላ መጠጣት የሚገባውን፣ ውኃ አታብዛ ብሎ ይምከረው፤ ልቡ ወይም ኵላሊቱ የደከመውን፣ ሐኪሙ ውኃ የመጠነበትን ሰው ደግሞ ጠጣ ጠጣ ይበለው። በትምህርት ቤት ንጹሕ መጸዳጃ ስለሌለ ከጠዋት እስከ ማታ አፏን በውኃ የማትነካውን ተማሪም የመጠጣት ጥቅም በመንገር ብቻ ይለፋት፤ መዝጊያ ያለው መጸዳጃ ለማሠራት አይነሣ።

በመጨረሻም ውኃው ከየት እንደተቀዳ አይጠይቅ። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በባቱና በአካባቢያቸው ካሉ ጉድጓዶች የሚወጣው ውኃ በብዙ ስፍራ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የፈቀደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ የተለካበት ጉድጓድ አለ። የዚያ አገር ልጆች ጥርሳቸው የሚበልዘው ከዚህ የተነሣ ነው፤ በወንጂ የስኳር እርሻ ለብዙ ዘመን የሠሩ ሰዎችም ወገባቸውና አንገታቸው እስኪደርቅ አጥንታቸው ተጎድቶ ታይቷል። እንዲህ ባለ ቦታ ለጤናዬ ብሎ ከሁለት ሊትር ወደ አራት የወጣ ሰው ፍሎራይዱንም በዚያው ልክ እጥፍ አድርጎ ይጠጣል፤ ማፍላትም አያድነውም፤ ሲፈላ ውኃው እንጂ ፍሎራይዱ አይተንምና። የዝናብ ውኃ ማጠራቀም፣ በአጥንት ከሰል ማጣራት፣ ወይም ፍሎራይዱ አነስተኛ የሆነ የቧንቧ መሥመር እንዲዘረጋ ከወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ጋር መከራከር ለዚያ አገር ሰው ብርጭቆ ከመቍጠር የሚቀድም ሥራ ነው።