በዳይስ የሚዘፍን አዝማሪ

የልጅ ልጄ አዝማሪ ሆኗል። ሆኛለሁ ባዩ እሱ ነው እንግዲህ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጓደኞቹን ቤዝመንት ሰብስቦ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚሉትን ጨዋታ ይጫወታል። አንዱ ተዋጊ፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ ጠንቋይ ይሆናል፤ የኔው ጉድ ደግሞ ባርድ ነው፤ በዜማ ድግምት የሚሠራ ዘፋኝ። ይህን ስሰማ ደስ ብሎኝ ወንበር ይዤ ወረድኩ። ምነው በቀረብኝ!

ሌሊቱ እስኪጋመስ አንዲት ስንኝ አልወጣችም። ልጁ «ዘፈንኩ» ይላል፣ ሃያ ፊት ያላትን ዳይስ ይወረውራል፣ አለቀ። ቁጥሩ ከፍ ካለ መሸታ ቤቱ በሙሉ በእንባ ተራጨ ይባላል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ድምፁ ሻክሯል። «እስቲ ራስህ ዝፈነው» ብለው «አባባ፣ ብዘፍን ባልዘፍን ለውጥ የለውም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ደንቡ እንዲያ ይላል። ጠላት ድግምቱን ለመመከት የሚደርስበት ቁጥር 8 ላይ የባርዱ የሙያ ነጥብና የግርማ ሞገሱ ነጥብ ተደምሮ ነው የሚገኘው። የዘፈኑ ማማር ከሒሳቡ የለበትም። መሣሪያውን ይያዝ እንጂ ይቃኘው አይቃኘው ጠያቂ የለውም።

የስድቡ ነገር ግን አንጀቴን አቃጠለው። ባርዱ ጠላቱን በስድብ የሚያቆስልበት ድግምት አለው። በ2014ቱ መጽሐፍ ተሰዳቢው ስድቡን ይስማ እንጂ ባይገባውም ይጎዳል! ወይ ጉድ! እኛ ዘንድ ሰሚው «ተቀበል» ብሎ ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ተሰዳቢው ስቆ ግንባሩ ላይ ብር ለጥፎለት ይሄዳል፤ ወርቁ የሚገለጥለት አልጋው ላይ ከተጋደመ በኋላ ነው። እነዚህ ግን ሰም የለ፣ ወርቅ የለ፣ «ሰደብኩት» ብለው ባለ አራት ፊቷን ዳይስ ይወረውራሉ። ለዚያውም በጀማሪ ባርድ እጅ ከባዱ ስድብ 4 ነጥብ ነው። የኛ ሰፈር ሴቶች ቡና እያፈሉ ከዚያ በላይ ያቆስላሉ።

የውዝዋዜም ድግምት አላቸው፤ ኦቶ በሚባል ጠንቋይ ስም የተጠራ። ከበሮ የለ፣ ጭብጨባ የለ፣ ባርዱ ቃሉን ሲያሰማ ባላንጣው ባለበት ቆሞ እግሩን ያወራጫል። ስለ ትከሻ የተጻፈ ነገር ፈልጌ አጣሁ።

ጓደኛን ማበርታቱን ግን አልነቅፍም። ባርዱ በቃል ወይም በዜማ ወኔ ሲሰጠው ጓደኛው አንዲት ትርፍ ዳይስ ያገኛል፤ ለጭንቁ ሰዓት ይወረውራታል። ሽለላና ፉከራ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም።

ድሮ የነሱም ባርድ ወግ ነበረው አሉ። ጨዋታው በ1974 ወጣ፣ ባርዱ በ1976 ተከተለ፤ በ1978ቱ መጽሐፍ ባርድ መሆን የፈለገ አስቀድሞ ተዋጊ፣ ቀጥሎ ሌባ ሆኖ መክረም ነበረበት። ዛሬ ገና ከመጀመሪያው ቀን ባርድ ነው፤ ደጅ ጥናት ቀረ።

እናንተ ጨዋታውን የምትመሩ ልጆች፣ እባካችሁ ቤት የሚመታ ስድብ ላመጣ ልጅ ነጥብ ጨምሩለት። ደንቡ ባያዝም የሚከለክላችሁ የለም። እስከዚያው እኔ ዳይስ ግንባር ላይ ብር አልለጥፍም።