አንበሳ አለ ወይ?

የዱር እንስሳ የሚታይበት ፓርክ መምረጥ በአዲስ አበቤ ዘንድ በአንድ ጥያቄ ይጀመራል፦ «አንበሳ አለ ወይ?» የመንገዱ ርቀት፣ የማደሪያው ዋጋ፣ የአየሩ ጠባይ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። መልሱ «አለ፣ ግን መታየቱ ያጠራጥራል» ከሆነ የበዓሉ ዕቅድ ወደ ሶደሬ ይዞራል።

የዚህ መስፈርት የመጀመሪያ ተጎጂ አዋሽ ነው። ከመዲናዪቱ በስተምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ቅዳሜና እሁድ ይበቃዋል። መለያው ሳላ ነው፤ ፊቱ በጥቁርና በነጭ የተኳለ፣ ቀጥ ያሉት ረጃጅም ቀንዶቹ ከጎን ሲታዩ ገጥመው አንድ የሚመስሉ። ከፏፏቴው በታች አዞ ፀሐይ ይሞቃል፤ ከፈንታሌ ተራራ ማዶ ፍልውሃው ይጨሳል። አንበሳም አለ፤ ሌሊት ድምፁ ይሰማ እንደሆነ እንጂ በቀትር አደባባይ አይወጣም። ጎብኚው ሳላውን በመስኮት አይቶ «ይሄ ፍየል ነገር ምንድን ነው?» ይልና ወደ ስልኩ ይመለሳል። የሰው ፊት ማንበብ የለመደው የፓርኩ ስካውት «ትናንት ማታ እኮ እዚችው ነበረ!» ሲል ያጽናናዋል። በየፓርኩ፣ ትናንት ማታ እዚያው ያልነበረ አንበሳ የለም።

ጥማቱ ከየት እንደመጣ ግራ ያጋባል፤ አዲስ አበባ የአንበሳ እጥረት የለባትምና። ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት የይሁዳ አንበሳ ዘውዱን ደፍቶ ቆሟል። ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የሠራው የድንጋይ አንበሳ አለ። ስድስት ኪሎ አፄ ኃይለ ሥላሴ ያቋቋሙት አንበሳ ግቢ ትውልድ ሁሉ ፎቶ የተነሣበት ነው። ሰውዬው በአንበሳ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ አንበሳ ጫማ ተጫምቶ፣ ደመወዙን ከአንበሳ ባንክ አውጥቶ፣ መኪናውን አንበሳ ኢንሹራንስ ያስገባል። ሳንቲም ቢገለብጥ የአንበሳ ራስ ያፈጥበታል። ልጁ ሒሳብ ሲደፍን «አንበሳ!» ብሎ ጀርባውን መታ መታ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎት ነዳጅ ሞልቶ ሌላ ፍለጋ ይወጣል። ምናልባት ጥፋቱ የቴሌቪዥን ነው፤ የማሳይ ማራና የሴሬንጌቲ አንበሳ በመኪና ጥላ ሥር ሲያንቀላፋ እያየ ያደገ ሰው፣ አንበሳ ሁሉ ቀጠሮ የሚያከብር ይመስለዋል። የኢትዮጵያ ብርቅዬዎች ግን በአብዛኛው ተራራ ላይ ናቸው።

ሰሜን ተራሮችን የመረጠ ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ፣ መሣሪያ የታጠቀ ስካውት አስከትሎ ይገባል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ቦታዎች አንዱ ነው፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ተርታ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ዋልያ ከዚህ ገደል በቀር በዓለም የለም። የእግር ኳሱ ብሔራዊ ቡድን ስሙን ከወሰደ ወዲህ ግን ዋልያ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የማጣሪያ ጨዋታ ነው። ጭላዳ አይደበቅም፤ በመቶ እየሆነ ሜዳው ላይ ይቀመጥና ሣሩን በጣቱ እየነጨ ይጎርሳል፤ ዙሪያውን ሲጨርስ መነሣቱ ስለሚታክተው በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደሚቀጥለው ሣር ይሄዳል።

ባሌ የሚሻለው ቀይ ቀበሮን ለሚፈልግ ነው። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሽ በላዩ እዚሁ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው የሳነቲ አምባ፣ ጠዋት፣ ከፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ደረቱን መሬት አስነክቶ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ፣ ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቃል። ቀበሮው እስኪዘል ድረስ ከጎብኚው የሚጠበቀው ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው። ከመኪናው ግን ድምፅ ይወጣል፦ «ውሻ ነው እንዴ? እንሂድ!» ክላክስ፣ ዘፈን፣ በመስኮት የሚወረወር የውሃ ላስቲክ። አምባውን በሚያቋርጠው መንገድ ላይ ቀበሮ በመኪና ተገጭቶ ይሞታል፤ ከመንደር ውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታም ደጋግሞ ፈጅቶታል። አምስት መቶ የማይሞላ ፍጡር መሀል ሩብ ሰዓት ለማትረፍ መክነፍ ነውር ነው። ለጭላዳ ብስኩት መወርወርም ነውር ነው፤ ነገ ከሰው እጅ ሲቀማ «አስቸጋሪ ዝንጀሮ» የሚባለው እሱ ነው።

ለነገሩ መንገዱ የጎብኚ ብቻ አይደለም፤ ከደሎ መና ወደ ጎባ ጭነት ይዞ የሚወጣም አለ፤ ብርዱም ቆሞ ለመፍረድ አይመችም። እግረ መንገድ፣ የደጋ አጋዘን ዲንሾ ላይ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ብዙ ሳይርቅ ይታያል። ሐረና ጫካ ውስጥ አንበሳ አለ፤ ይህን ግን ለተሳፋሪ አለመንገር ይሻላል።

ዝሆን ፈላጊ ባቢሌን ወይም ጨበራ ጩርጩራን ይጠይቅ፤ ትዕግሥትና ጥሩ መኪና ያስፈልገዋል። ቆርኬ ላማረው ሰንቀሌ ከሻሸመኔ ሩቅ አይደለም። ደጋዎቹ ከክረምቱ ጭቃ በኋላ፣ ከመስከረም መገባደጃ ጀምሮ ይመቻሉ።

ቤተሰቡ መስማማት ካቃተው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ነጭ ሳር ነው። ከአባያና ከጫሞ መካከል ያለውን የእግዜር ድልድይ ተሻግሮ የሜዳ አህያ ይታያል፤ ጫሞ ላይ በጀልባ «የአዞ ገበያ» ሲኬድ ደግሞ አዞው አለመቅረቱ የታወቀ ነው፤ ጉማሬውም ብቅ ይላል። ከጀልባ ሲወረድ አርባ ምንጭ ከተማ ገብቶ አሳ መብላት የጉብኝቱ አካል ነው። ክርክሩ የሚጦፈውም እዚያ ነው፤ ዱለት ይሁን የሚሉና ኮተሌት ካልሆነ የሚሉ እኩል ለእኩል ይሆናሉ፤ አስተናጋጁም ብዕሩን ይዞ ይቆማል።