ዝቅ ማለትስ ለሰው ነበር

የእህቴ ልጅ አዲስ መኪና ገዛ። እሰይ፣ የድካሙን ዋጋ አገኘ ብዬ መረቅሁት። ያሪስ ናት ሲለኝ አዲስ አበባን የሞላችው የቪትዝ ዘመድ መስላኝ «ነዳጅ ቆጣቢ ናት፣ ጎበዝ!» አልኩት። ለካ ዝምድናቸው በስም ብቻ ነው። ይቺኛዋ ጂአር ያሪስ ትባላለች፤ ቶዮታ በ2020 ለዓለም የራሊ ውድድር ብሎ ያወጣት። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ሲሊንደሯ ሦስት፣ ጉልበቷ ግን ከ250 ፈረስ በላይ፤ አራቱም ጎማዋ ይጎትታል። ከቆመችበት ተነስታ በ5.5 ሰከንድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ትገባለች አሉ። ትግባ! እዚህ ለንደን፣ ኢዝሊንግተን ውስጥ ግን ወዴት ልትገባ ነው? የሰፈራችን መንገድ የሚፈቅደው በሰዓት 20 ማይል ነው፤ በእኛ ሂሳብ 32 ኪሎ ሜትር። የደብረ ዘይት ጋሪ እንኳ ፈረሱ ከደነበረ ይቀድማታል።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ዝም ባልኩ። ያኔ የቶዮታ አለቃ የነበረው አኪዮ ቶዮዳ ራሱ መሪ ጨብጦ የፈተናትን መኪና፣ ይሄ ልጅ «ትንሽ ይቀራታል» ብሎ ጋራዥ አስገባት። ደህናውን ሞላ አስፈትቶ አጭርና ደረቅ ሞላ አስገባ። «ጋሼ፣ ወደ መሬት ስትቀርብ ኩርባ ላይ አትጋደልም» ይለኛል። ነገሩስ እውነት ነው። ግን አገር ቤት ለመካኒክ የምንከፍለው መኪናው ከፍ እንዲልልን ነበር፤ ጉድጓዱን ተሻግሮ ሆዱ ድንጋይ እንዳይነካ። እዚህ ዝቅ ይበልልኝ ብሎ ይከፈላል። ያውም መንገዱ ላይ ሕጉ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚፈቅደው ጉብታ በየቦታው ተጋድሞ!

ባለፈው ለክርስትና ስንሄድ የዶሮ ወጡን ድስት እኔ ጭኔ ላይ ይዣለሁ። ልጁ እግዜር ይስጠው ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። ጉብታው ላይ ስንወጣ ግን ያ ደረቅ ሞላ ምቱን ምንም ሳያስቀር ወገቤ ላይ አራገፈው። ክዳኑ ተነሳ፣ አንድ እንቁላል ዘሎ ማርሹ ሥር ገባ፣ ቅባቱ በካፖርቴ ላይ ወረደ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ሳንቸኩል አፍሰን ለቀምን። እህቴ የጠየቀችኝ ስለ እንቁላሉ ብቻ ነው።

ማርሚታውንም ቀይሮታል። አሁን ጠዋት ሲያስነሳት ሰፈሩ በሙሉ ሥራ መሄዱን ያውቃል። የእኛ ዘመን ናፍጣ መኪኖች ዩሌዝ የሚሉት የአየር ብክለት ክፍያ ነሐሴ 2023 ላይ ለንደንን በሙሉ ሲያዳርስ «አየር በከላችሁ» ተብለው በቀን 12.50 ፓውንድ ተጣለባቸው፤ ይቺ እንደ አንበሳ እያገሳች ንጹሕ ናት። ኬንዚንግተንና ቼልሲ ውስጥ የድምፅ ካሜራ እንደተሰቀለ ነገርኩት። «እዚያ አልሄድም» አለኝ። እዚህስ የምንተኛው ሰዎች አይደለንም?

ቀጥሎ የሞተሩን ኮምፒውተር በአዲስ ፕሮግራም ላስቀይር ነው አለ፤ ጉልበት ይጨምራል። ለኢንሹራንሱ ነግረሃል ወይ ብለው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እያንዳንዱን ለውጥ ካላሳወቀ አደጋ የደረሰ ቀን ካሣ ሊከለክሉት ይችላሉ። ሞላው፣ ማርሚታው፣ ኮምፒውተሩ፤ ሁሉም ይጻፋል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል።

እኔ ስለ መኪና የማላውቅ ሽማግሌ አይደለሁም። የአሰብን መንገድ በኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ተመላልሼበታለሁ። የጣርማ በርን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ የወረደ ሰው ምን እንደሚያድን ያውቃል። መኪና መሬት የሚነካው በእያንዳንዱ ጎማ መዳፍ በምታህል ቦታ ነው፤ ሞላውም አሞርዛተሩም የሚደክሙት ያቺ መዳፍ መሬት እንዳትለቅ ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ሲቆይ ውሃ ይስባል፤ ፍሬኑ ሲግል ውሃው ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። እና ገንዘብ ካቃጠለህ በጥሩ ጎማ ጀምር፣ የፍሬን ሸራና ዘይት አስከትል፣ አላይመንት አስተካክል፤ ከተረፈህ ስለ ሞላ እንነጋገራለን። እሱ ግን ከኋላ ጀመረ፤ የሚሰማውንና የሚታየውን አስቀደመ። ጎማ ማን ያደንቅልሃል?

ይህን ሁሉ ስነግረው በአክብሮት አዳመጠ፣ አንገቱን ነቀነቀ። «እሺ ጋሼ፣ ጎማና ፍሬን አስቀይራለሁ፤ ከዚያ ኬንት ውስጥ ብራንድስ ሃች የሚባል የውድድር ሜዳ አለ፣ ከፍለው እንደ ልባቸው ይነዱበታል። አብረውኝ ይመጣሉ?» አለኝ። ለዚህች መኪና የተሠራ ቦታ ካለ እዚያ ነው፤ ጉብታ እንኳ የለ። እመጣለሁ፣ ግን መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ብራንድስ ሃች አንስቶ አያውቅም።