ጠቅልሎ ገቢው
ጠቅልሎ ሊገባ የወሰነ ዲያስፖራን የሚያማ ሰው አልወድም። ውሳኔው ቀላል ቢሆንማ በየዓመቱ ለገና ሀዋሳ መጥተው እንደ አዲስ ባልወሰኑት።

አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው አሞራ ገደል፣ ከሁለተኛው የዓሣ ጥብስ በኋላ ነው። «በቃኝ! የሰው አገር የሰው ነው» ይላሉ ጋሼ፣ እሾሁን እየለቀሙ። ከዚያ በባጃጅ ወደ ታቦር ሰፈር፣ ወደ ጅምር ቤታቸው። ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ማለትም ምድሩ አልቋል፣ ሁለቱ ፎቅ ገና ፌሮ ነው። ፌሮው ዝጎ ቀይ ሆኗል። «ለጊዜው» ተብሎ የገባው ዘበኛ ጓሮው ላይ ጎመን ተክሏል፤ ሦስት ልጅም ወልዶበታል። ጋሼ በዓይናቸው ሶፋ ያስገባሉ፣ መጋረጃ ይሰቅላሉ፣ ለእህታቸው ውክልናውን ያድሳሉ። ጥር ሳይጋመስ ይበራሉ።

ጥፋቱ የአገር ነው፤ ሰበብ አሳጣቻቸው። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ያለ ቪዛ ግቡ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ሥሩ ካለ ከ20 ዓመት በላይ ሆነው። ደግነቱ በአዋጁ የሚሰጠው ቢጫ ካርድ መምረጥ አይፈቅድም። ጋሼ በያዙት ዜግነት አንድ ቀን መርጠው ባያውቁም በዚህ ክፉኛ ተቀይመዋል። በ2014 መንግሥት አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ለገና ይግባ ብሎ ሲጠራም አልቀሩም፤ ጥሪው ለገና እንጂ ለፋሲካ ስላልነበር ተመለሱ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይተመን ተባለና ዶላራቸው በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ አወጣ። ቤቱ አለቀ ብለን ስንደነግጥ፣ «ገና ይጨምራል» ብለው ያዙት። ሲሚንቶውም ሰምቶ ጨመረ።

እርግጥ የሰፈሩ ስምም አያግዝም። ጴጥሮስ በገሊላው ታቦር እዚህ ብንኖር ይሻላል፣ ሦስት ዳስ እንሥራ ብሎ ነበር፤ ዳሱ ሳይሠራ ወረዱ። ቢያንስ እሱ ቦታውን በቆርቆሮ አላጠረም፣ ካርታም አላወጣበትም።

ከአጥሩ ማዶ አንድ መምህር ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይቷል። አከራዩ ኪራይ ሲጨምርበት የሚጠራው የመምህር ደመወዝ አይደለም፤ የዲያስፖራ ዋጋ ነው። ምድሩን እንኳ ለዚህ ሰው ቢያከራዩት ብለን ጋሼን በስልክ ጠየቅናቸው። ተቆጡ። እንዴት ተደርጎ! ዘንድሮ ሊገቡበት አይደል እንዴ?