ሰፈሩን ሁሉ ሆኜ ተቀጠርሁ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፥ ለቅኔው መምህር ለየኔታ፤

በሰው እጅ የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኝ፥ ከሰላምታው ቀጥሎ ያለውን ተግሣጽ ደጋግሜ አነበብሁት። «ዕድሜዋን በመምህርነት የፈጸመች፥ ጡረታዋንም በክብር ያስጠበቀች እኅቴ፥ በስተርጅና ውቅያኖስ ተሻግራ የፈረንጅ ልጅ አዛይ ሆነች ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነውን?» ብለውኛል። ጋሼ፥ እውነት ነው። ነገር ግን ወሬው ከዋሽንግተን ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ ክብሩን በየመንገዱ እያንጠባጠበ የገባ ስለ መሰለኝ፥ እርሱን ለቃቅሜ ልልክልዎ ይህን ጻፍሁ። ደግሞስ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ለልጅ ኢያሱ ሞግዚት ሆነው በተሾሙ ጊዜ አገር ሁሉ እጅ ነሣቸው እንጂ፥ «ምነው በዚህ ዕድሜዎ!» ያላቸው ሰው መኖሩን አልሰማሁም። የእኔም ሕፃን፥ ዘውድ አይድፋ እንጂ፥ ሥልጣኑ የሚናቅ አይደለም።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ወደዚህ አገር የተሻገርሁት፥ እንደሚያውቁት፥ ዲቪ ደርሷት የመጣችው ልጄ በወለደች ጊዜ አራሷን ልጠብቅ ነበር። የልጅ ልጄ አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን፥ ልጄና ባሏ ሲነጋ ወጥተው ሲመሽ የሚገቡ ስለ ሆኑ፥ እኔ ከመስኮት ወደ መስኮት የምዘዋወር የቤቱ ዘበኛ ሆኜ ቀረሁ። አንድ እሑድ በደብረ ሰላም ቅድስት ማርያም ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጸዲቅ ስንቀምስ፥ አንዲት ደግ እናት «ልጅ ማሳደግ ታውቂ የለም?» ብላ ከአሠሪዎቼ ጋር አገናኘችኝ። ቤታቸው ክሊቭላንድ ፓርክ በሚባል ሰፈር ነው፤ እኛ ካለንበት ከሲልቨር ስፕሪንግ እምብዛም አይርቅም። ነገር ግን ቀይ መሥመር የተባለው ባቡር ወደ መሐል ከተማ ከወረደ በኋላ ዞሮ እንደ ገና ወደ ሰሜን የሚወጣ ስለ ሆነ፥ ጎረቤት ሰፈር ለመድረስ በየማለዳው የአሜሪካንን ርእሰ ከተማ እሳለማለሁ።

አሠሪዎቼ ትሑታንና ጨዋ ሰዎች ናቸው። ሆኖም የሕፃኑ አያት የሚኖሩት በካሊፎርንያ፥ በአውሮፕላን የአምስት ሰዓት ያህል መንገድ ርቀው ነው፤ አክስት የለችም፤ ጎረቤትን የሚያውቁትም በውሻው ስም ነው። ስለዚህ ልጅ ሲያሳድጉ የሚጠይቁት ሰው ቢያጡ፥ የሚጠየቅ ወረቀት ጻፉ። በማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈው ሥርዓት ከፍትሐ ነገሥት የሚያንሰው በውፍረቱ ብቻ ነው፤ ስለ መብል፥ ስለ እንቅልፍ፥ ስለ ጨዋታ፥ ስለ ክልክሉም ነገር በአንቀጽ በአንቀጽ ተከፋፍሎ ተደንግጓል። ሕፃኑ የሚያደርገው ሁሉ ደግሞ ሳይውል ሳያድር በስልክ ይመዘገባል፤ የጠጣው ወተት፥ የተኛው እንቅልፍ፥ በዳይፐሩ የተገኘውም ነገር ሳይቀር ከነዓይነቱና ከነሰዓቱ ይገባል። ነገሥታቶቻችን ጸሓፌ ትእዛዝ ነበራቸው፤ ዜና መዋዕላቸውም ዘመቻውንና ግብሩን በሰፊው ያትታል፤ እስከዚህ ድረስ ዝቅ ብሎ የመረመረ ጸሓፊ ግን አልነበረም።

ከሥርዓቱ መካከል አንዳንዱ ያሥቀኛል፥ አንዳንዱ ግን አፌን አስይዞኛል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም የሚለውን ባነበብሁ ጊዜ፥ የጎጃም ልጅ መሆኔ አልችል ብሎኝ ልከራከር ተነሥቼ ነበር፤ ነገር ግን በማር ውስጥ የሚሸሸግ፥ አዋቂን የማይነካ፥ የሕፃንን አንጀት ግን የሚመርዝ ረቂቅ ነገር መኖሩን ሐኪም ቢያስረዳኝ ክርክሬን ተውሁ። እንዲሁም ሕፃን በደረቱ እንዳይተኛ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ1992 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑ ነው) ከመከረ ወዲህ፥ በዐሥር ዓመት ውስጥ በእንቅልፋቸው በድንገት የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ያህል እንደ ቀነሰ ሰማሁ። እንዲህ ላለው ትእዛዝ እጅ መንሣት እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

ያልተዋጠልኝ ስለ ልቅሶ የተጻፈው አንቀጽ ነው። ሪቻርድ ፈርበር የሚባሉ የቦስተን ሐኪም በ1985 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ሕፃኑ ነቅቶ ሳለ በአልጋው ተኝቶ፥ ቢያለቅስ ጥቂት ደቂቃ ተጠብቆ፥ ቀጥሎም ከዚያ የበለጠ ተጠብቆ፥ እንዲህ እያለ ብቻውን መተኛትን ይለምዳል ብለው አስተምረዋል። በእኛ አገር ሕፃን አንድ ጊዜ ሲጮኽ ከአጥር ወዲያ ያለችው ጎረቤት «ኧረ ይህን ልጅ ምን አገኘው?» ትላለች፤ ሁለተኛ ከደገመ በሩን ገፍታ ትገባለች። እኔ ግን ከበሩ ውጭ ቆሜ፥ እጄ መዝጊያውን እንዳይከፍት በነጠላዬ ጠቅልዬ፥ ደቂቃው እስኪሞላ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ሕፃኑም ድምፄን ሰምቶ መሰለኝ ጸጥ ይላል። አሠሪዎቼ የዶክተሩ ትምህርት ሠመረ ብለው ደስ አላቸው፤ እኔም የማንን ምስጋና ለማን እንደ ሰጡ አልተናገርሁም።

በሳሎኑ ውስጥ ካሜራ አለ፤ ይህንንም ገና ሥራ ሳልጀምር በግልጽ ነግረውኛል። ታዲያ በላዬ ሆኖ የሚያየኝን ዐይን ዝም ብዬ ማለፍ ነውር ስለ መሰለኝ፥ ጧት ስገባ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣዋለሁ። የሕፃኑ እናት ይህን ከቢሮዋ ሆና አይታ፥ አሁን እርስዋም ማታ ስትገባ ጎንበስ ማለት ጀምራለች።

ፀሐይ የወጣ እንደ ሆነ ሕፃኑን በጋሪ ይዤ ወደ መናፈሻው እወርዳለሁ። በዚያም የኤል ሳልቫዶር፥ የፊሊፒንስና የኔፓል ሞግዚቶች በአንድ አግዳሚ ወንበር ተሰብስበን፥ እንግሊዝኛው የጎደለውን በእጃችን እየሞላን፥ ስለ ልጆቻችንና ስለ ጉልበታችን እንጨዋወታለን፤ ጽዋ ብቻ የቀረው ማኅበር ማለት ይህ ነው። አጠገባችን በ1889 የተመሠረተው፥ ያለ ክፍያ የሚገባበት የአራዊት ማቆያ አለ። በ2024 በጥቅምት ወር ከቻይና ሁለት ፓንዳ የሚባሉ ጥቁርና ነጭ ድቦች መጥተውለታል፤ ሥራቸው ቀርከሃ መብላትና መተኛት ሲሆን፥ እንደ እኔ ካሜራ ተተክሎባቸው ዓለም ሁሉ ያያቸዋል። ስለ እነርሱም ለቻይና በዓመት አንድ ሚሊዮን ዶላር ይከፈላል። ስለ ደመወዜ የጠየቁኝን ይህን ከሰሙ በኋላ ባልመልስ ይሻላል።

በመኪና ስንሄድ ደግሞ፥ እኛ በምንኖርበት በሜሪላንድ ከ2022 ጀምሮ፥ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በልዩ ወንበሩ ታስሮ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አድርጎ እንዲቀመጥ ሕግ ያዝዛል። ሕፃኑ የሚያየው የመጣበትን መንገድ እንጂ የሚሄድበትን አይደለም። ሕጉ ይህን ያዘዘው አንገቱ በግጭት እንዳይጎዳ ነው፤ እኔ ግን የስደተኛ ሁሉ አቀማመጥ ይኸው አይደለምን እላለሁ፤ ፊታችንን ወደ ጎጃም አዙረን ወደ ፊት እንነዳለን።

ጋሼ፥ በዚህ ሁሉ ሳሥቅዎ የዘነጋሁት ነገር እንዳለ አይምሰልዎ። የሰፈራችን ልጆች ይህንኑ ሥራ ፍለጋ ወደ ቤይሩትና ወደ ሪያድ ሄደዋል፤ በዚያ ከፋላ የሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዪቱን መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር ሲያስር ኖሯል፤ ፓስፖርቷን የተቀማች፥ ደመወዟን የተከለከለች ብዙ ናት። እኔ ሰዓቴ የታወቀ፥ ውሌ የተጻፈ፥ ማታ ወደ ልጄ ቤት የምመለስ ነኝ። ሥራው አንድ ነው፤ ክብሩና ውርደቱ ያለው ከሥራው ሳይሆን ከውሉ ዘንድ ነው። ስለዚህ ተግሣጽዎን ከእኔ ላይ አንሥተው፥ ለእነርሱ ጸሎት ቢያደርጉት እወዳለሁ።

በእኛ ዘንድ ልጅ ሲወድቅ አንዷ ታነሣዋለች፥ ሁለተኛዪቱ አቧራውን ታራግፋለች፥ ሦስተኛዪቱ «ማን ሩጥ አለህ!» ብላ ትቆጣዋለች፥ ሽማግሌውም ከደጁ ሆኖ ይመርቀዋል፤ ለማናቸውም አይከፈልም፥ ማናቸውም ሠራሁ አይሉም። እዚህ ግን ሕፃኔ ሲወድቅ አንሺዋም፥ አራጋፊዋም፥ ተቆጪዋም፥ መራቂዋም እኔው ነኝ። «እኅትዎ አሜሪካ ምን ትሠራለች?» የሚሉ ሰዎች ቢያጋጥሙዎ፥ «አንድ ሰፈር ሆና በሰዓት ትከፈላለች» ይበሉልኝ፤ ሒሳቡን በትክክል ቢያሰሉት ግን የሦስት ሰው ደመወዝ ይቀረኛል።

ስልክ ሲደውሉ እባክዎ ሕፃኑ በሚተኛበት ጊዜ ይሁን፤ አሁን በብርዱ ወራት በእርስዎ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ማለት ነው። በፈረንጁ ማርች ሁለተኛ እሑድ፥ መንግሥታቸው ሰዓቱን በአንድ ወደ ፊት ስለሚገፋ፥ ከዚያ ወዲህ በሁለት ሰዓት ይደውሉልኝ። ሰዓቱን የሚለውጠውን ሕግ የአሜሪካ ምክር ቤት አጽድቆታል፤ ሕፃኑ ግን እስካሁን አላጸደቀውም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ጨርሶ ባይደውሉ መልካም ነው።

እትዬንና ልጆቹን በሙሉ፥ የቅኔ ተማሪዎችዎንም ሰላም ይበሉልኝ። ስለዚህ ሕፃን አንድ ጉባኤ ቃና ቢቀኙልኝ በበሩ ደጃፍ ቆሜ ከውዳሴ ማርያም ቀጥዬ እለዋለሁ፤ አደራዎን አጭር ይሁን፥ ረዥም ከሆነ እኔ ቀድሜ እተኛለሁ።

በጸሎትዎ የምትማፀን ታናሽ እኅትዎ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ።