ያልጨሰ ጭስ በቶን ይሸጣል

እንኳን ደስ አላችሁ፣ የገጠር እናቶች! እስከ ዛሬ ከጓዳችሁ የሚወጣው ጭስ ዓይን ከማስለቀስና ሳንባ ከማክሰል በቀር ፋይዳ የሌለው ይመስላችሁ ነበር። የጨሰው በእርግጥ ዋጋ የለውም። ወርቁ ያለው ባልጨሰው ውስጥ ነው። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ተሰጥቷችሁ አንድ ሸክም እንጨት ካተረፋችሁ፣ ያ እንጨት ቢነድ ኖሮ ሊያወጣው የነበረው ጭስ ይሰላና በቶን ተመዝኖ “ካርቦን ክሬዲት” የሚባል ወረቀት ይወጣዋል። ወረቀቱን ባሕር ማዶ ያለ አየር መንገድ ወይም የነዳጅ ኩባንያ ይገዛዋል። አንድ ክሬዲት አንድ ቶን ነው። ገዢው የገዛውን ያህል ቶን እያጨሰ “እኔ ከደሙ ንጹሕ ነኝ” ይላል። እናንተ ትቆጥባላችሁ፣ እሱ ይበርራል፣ ሰማዩም እኩል ለእኩል ይወጣል። ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ ንግድ ከየት ይመጣል?

ያልገባው ካለ በምናውቀው ላስረዳ። አንድ ባለጸጋ ሁዳዴ ገባበት እንበል። ክትፎው አማረው፣ ኃጢአቱ ደግሞ አስፈራው። ስለዚህ ከድኻ ጎረቤቱ ጋር ተዋዋለ፤ “እኔ ልብላ፣ አንቺ ጹሚልኝ፤ ለድካምሽ አንድ ጣሳ ሽሮ እሰጥሻለሁ።” ሴትዮዋ እንኳን በጾም በፋሲካም ሥጋ የምታገኘው ከስንት አንዴ ነው። የሚያዋውለው ደላላ ግን ይህ አላሳሰበውም። “ይህች ሴት ጾሙ ባይዛት ኖሮ በቀን አንድ በግ ትጨርስ ነበር” ብሎ መዝገቡ ላይ አሰፈረ። በ55 ቀን 55 በግ ከመታረድ ዳነ ማለት ነው። ባለጸጋው 55ቱንም በላ። ጾሙም ተጾመ፣ ሒሳቡም ተዘጋ።

የካርቦኑ ደላላ ከዚህም የላቀ ሊቅ ነው። መጀመሪያ ቤተሰቡ ከምድጃው በፊት ስንት እንጨት ያነድ እንደነበር ይገመታል፤ አብዝቶ መገመት አይከፋም። ቀጥሎ አዲሱ ምድጃ በየቀኑ እንደሚነድ ይታሰባል፤ ጥግ ላይ ያሉት ሦስት ጉልቻዎች ዛሬም ድስት እንደተሸከሙ መሆናቸው ወደ መዝገቡ አይደርስም። ዋናው ቅመም ግን ደኑ ነው። ተመልሶ የሚበቅል ዛፍ ካርቦኑን መልሶ ስለሚወስድ ቢድንም አይሸጥም። የሚሸጠው ተቆርጦ በዚያው ከሚቀረው ዛፍ የሚገኘው ነው። በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ንግድ ሥርዓት ይሠራበት በነበረው መነሻ ቁጥር፣ ከሚነደው እንጨት ተመልሶ የማይበቅለው በኢትዮጵያ 88 በመቶ፣ በኬንያ 92 በመቶ ነው ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኔቸር ክላይሜት ቼንጅ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ግን ሞቃታማ አገሮችን በጅምላ ሲያይ ከ27 እስከ 34 በመቶ ብቻ ሆኖ አገኘው። ሻጭ ከሁለቱ ቁጥር የትኛውን እንደሚወድ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ቁጥሩን የሚያጣራ ኦዲተር የለም እንዳትሉ፤ አለ። የሚቀጥረውም የሚከፍለውም ሻጩ ነው። ክሬዲቱን የሚመዘግበው ድርጅትም ክፍያ የሚሰበስበው በወጣው ክሬዲት ልክ ነው። ሻጩ ብዙ ይሻል፣ መዝጋቢው ብዙ ይሻል፣ ገዢው ርካሽ ይሻል፤ በዚህ ሁሉ ስምምነት መካከል “ኧረ በዛ” የሚል ቢጠፋ ምን ይደንቃል?

በመጨረሻ የጠየቁት ከገበያው ውጭ ያሉ ሰዎች ናቸው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 በኔቸር ሰስተይነቢሊቲ ባወጡት ጥናት፣ የመረመሯቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች በአማካይ ከሚገባቸው 9.2 እጥፍ ክሬዲት እንደወሰዱ አሳዩ። በዚያው ዓመት፣ ማላዊንና ዛምቢያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ምድጃ ሲያሠራጭ የኖረው የአሜሪካው ሲ-ኩዌስት ካፒታል ከሚገባው በላይ ክሬዲት ማውጣቱን ራሱ አመነ። መዝጋቢው ቬራ 27 ፕሮጀክቶቹን አገደ፤ የአሜሪካ የሸቀጥ ውል ገበያ ተቆጣጣሪም 1 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። ወረቀቱን ገዝተው የበረሩት አውሮፕላኖች ያወጡት ጭስ ግን አልታገደም፤ ሰማይ ላይ ነው።

“ቁጥሩ ቢሳሳትስ፣ የሴቲቱ ሳንባ ዳነ አይደል?” የሚል ደግ ሰው አይጠፋም። የማላዊ ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው ይህንኑ ከ10,000 በላይ ሕፃናት ላይ ፈትነው ውጤቱን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አውጥተዋል። እንጨት የሚያነድ፣ ማራገቢያ የተገጠመለት የተሻሻለ ምድጃ በተሰጣቸውና ባልተሰጣቸው ቤተሰቦች መካከል በሕፃናቱ የሳንባ ምች ላይ ልዩነት አልተገኘም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ያሉት አበው የሕክምና መጽሔት ሳያነቡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባስቀመጠው ልክ አየሩን የሚያጠሩት በአብዛኛው ኤሌክትሪክና ጋዝ ናቸው። ክሬዲት ገዢው በቤቱ የሚያበስለውም በእነዚሁ ነው። ለገጠሯ ሴት “ንጹሕ” የተባለው ግን ያው እንጨት ነው፣ ትንሽ አነስ ብሎ።

ምድጃው በራሱ ጠላታችን አይደለም። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው የእኛው ምርጥ ምድጃ የእንጀራ መጋገሪያን ማገዶ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ለሴቶቻችንና ለደናችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሴትየዋ ግን ምድጃውን ስትቀበል የምትፈርምበት ወረቀት አለ፤ የቆጠበችው ጭስ ከዛሬ ጀምሮ የፕሮጀክቱ ነው ይላል። ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደሚገዛው፣ ገዢው በምትኩ ምን እንደሚያጨስ አይነግራትም። በምድር ላይ እጅግ ጥቂት ካርቦን ከሚለቁት አንዷ የሆነችው ሴት፣ እጅግ ብዙ ለሚለቁት ዋስ ሆና ትፈርማለች።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው መልሱ ቀላል ነው። ለመስጠት የፈለገ ይስጥ፤ ስጦታም ይባል። መሸጥ የግድ ከሆነ በግምት ሳይሆን በሜትር ይለካ፤ ጋዝና ኤሌክትሪክ በሜትር የሚቆጠርባቸው ፕሮጀክቶች በበርክሌዩ ጥናት ከእውነቱ የራቁት 1.5 እጥፍ ብቻ ነው። መንግሥታትም ውል ከመፈረማቸው በፊት የሴትየዋ ድርሻ በምታውቀው ቋንቋ፣ በብር ተጽፎ እንዲቀርብላቸው ይጠይቁ። አየር መንገዱ ደግሞ ጭሱን ራሱ ይቀንስ። ከአሥር ክሬዲት ወደ ዘጠኝ የሚጠጋው ባዶ ወረቀት የሆነበት ንግድ ለአየር ንብረት የተደረገ ውለታ አይደለም፤ በድኻ ስም የተፈጸመ ማጭበርበር ነው።