የገመዱ ቋጠሮዎች

ሻንጣዬ ያለ እኔ ቡሬ ገባ። ከደብረ ማርቆስ የተነሳው አውቶቡስ አማኑኤልን አልፎ ደምበጫ ሲደርስ ከባድ የሐምሌ ዝናብ ያዘን፤ ወራጅ ብዬ በችኮላ ስወርድ ሻንጣው ጣሪያው ላይ ቀረ። ካሜራዬም፣ ማስታወሻ ደብተሬም እሱ ውስጥ ነበሩ። ጮህኩ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ማን ይስማኝ? ኪሴ ውስጥ የቀረችው አንዲት የብረት ሜትር ብቻ ነበረች።

የመጣሁት ከከተማው ዳር ያለች አንዲት አሮጌ ክብ ቤተ ክርስቲያን ከመፍረሷ በፊት ልለካት ነው። ክረምቱ ሲያልፍ በብሎኬት ልትሠራ ነው ብለውኛል። ጭቃው ጫማዬን እየያዘ ሲያስቸግረኝ አውልቄ በእጄ ያዝኩት። ጽዱና ወይራው ስር ስደርስ ቅዳሴው አልፏል፤ በሩ ተዘግቷል።

ደጀ ሰላሙ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቄስ ከአንድ ደበሎ ለባሽ ተማሪ ጋር ተቀምጠዋል። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«ምን ልርዳህ ልጄ?» አሉኝ።

«ቤተ ክርስቲያኗን ልለካ ነበር አባ። መጻፊያዬ ግን በአውቶቡሱ ሄደብኝ።»

«ተቀመጥና መጀመሪያ ቆሎ ብላ።»

ዝናቡ ሲያባራ ሜትሬን አወጣሁ። የብረቱ ሜትር ግን ለክብ ግድግዳ አልሆነም፤ እየተወጠረ ይዘላል፣ ጭቃውን ይፈቀፍቃል። አባ ዝም ብለው አዩኝና ተማሪውን ገመድ አስመጡት። «ይህቺ ቤተ ክርስቲያን ሜትር ሳይፈጠር በችካልና በገመድ ነው የተሠራችው» አሉ። ችካሉ መቅደሱ በሚያርፍበት መካከል ይመታል፣ ገመዱ ይወጠራል፣ ክቡ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በደቦ ድንጋዩን፣ ማገሩን፣ ጭዱን ያመጣል። ክቧ ውስጥ አራት ማዕዘን መቅደስ፣ እሱን ዞሮ ቅድስት፣ ከውጭ ቅኔ ማህሌት። እንጨቱ ሁሉ ከአካባቢው ነው፤ ጭቃው ሲሰነጠቅ የመንደሩ ሰው ራሱ ይለስነዋል።

በጎጃም ቤተ ክርስቲያን ሲባል ዓይናችን ክቡን ይፈልጋል እንጂ ሁሌም እንዲህ አልነበረም። ንግሥት እሌኒ ያሠራችው የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ ጥርብ ድንጋይና ማዕዘን ነው። ከግራኝ ጦርነት በኋላ ግን ክቡ በሰሜኑና በመካከለኛው አገር በሰፊው ተሠራጨ። ስንት የድንጋይ ሕንፃ ከተቃጠለ በኋላ ገበሬው በእጁ ባለው ጭቃና እንጨት ቤተ መቅደሱን መልሶ አቆመ፤ እኔ ይህን ሳስብ ደረቴ ይሞላል። በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ ዘውድ የጫኑት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫ እንኳ መንቆረር የሚለውን ስሙን ትቶ በቤተ ክርስቲያኑ ደብረ ማርቆስ ተብሏል። ከአድዋ ድል በኋላ የተሠራው የአዲስ አበባው አራዳ ጊዮርጊስም ስምንት ማዕዘን ያለው ነው፤ ዙሪያውን ስዞረው የክቡ ወንድም ሆኖ ይሰማኛል። ፋሽስቶች በ1929 አቃጥለውት ነበር፤ ታድሶ ዛሬም ይቀደስበታል።

አባ ቁልፍ አስመጥተው አስገቡኝ። የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሸማ ተለጥፎ ነው የተሳለው። ምዕራቡ በር ላይ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዘው ቆመዋል። ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል ሸማው ከጭቃው ለቆ እንደ ቅጠል ይወዛወዛል። የሚፈርሰው ለዚህ ነው፤ ያፈሳል፣ ሕዝቡም በዝቶ በበዓል ቀን ግማሹ ከውጭ ያስቀድሳል። ጭንቀታቸው እውነት ነው፤ የቆርቆሮ ጠብታ የሚወርድበትን ሥዕል ያየ ሰው አይከራከርም። ያስለቀሰኝ ክቡም አብሮ እንዲጠፋ መወሰኑ ነው።

ከውጭ ወጥተን ከተማሪው ጋር ለካን። እሱ ገመዱን ግድግዳው ላይ ያሳልፋል፤ እኔ በየ10 ክንዱ ቋጠሮ እቋጥራለሁ። የሰሜኑን በር አንድ ቀይ ክር፣ የደቡቡን ሁለት፣ የምዕራቡን ሦስት አሰርንበት፤ ክሩን ተማሪው ከነጠላው ጥለት መዘዘው። ዙሪያው 98 ክንድ ሆነ። መሬቱ አዳልጦኝ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ ገመዱን ግን አልለቀቅሁም። ልጁ ደበሎውን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ።

ሲመሽ አባ ገመዱን ከእጄ ወስደው ቋጠሮ በቋጠሮ ዳሰሱት።

«ጥቅምት ላይ ሕንፃ አሠሪው ኮሚቴ ይሰበሰባል» አሉ። «ብሎኬትም ቢሆን በዚህ ገመድ ልክ ዞሮ ሊሠራ ይችላል እላቸዋለሁ። ሰፋ ይበል ካሉ ገመዱን ማርዘም ነው። አንተም መጥተህ ትናገራለህ?»

«እመጣለሁ አባ።»

ሻንጣዬ በሦስተኛው ቀን ከቡሬ ተመለሰልኝ፤ ካሜራው ደርቆ፣ ደብተሩም ባዶውን። ገመዱን ከላዩ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። የጥቅምቱን ቀን እየቆጠርኩ ነው።